ዘጠኝ ሜትር ለብቻ

የአዳራሹ ኃላፊ ደብዳቤውን ራሱ አነበበልን። ማየት የማይችል ሰው መስማትም የሚቸግረው መስሎት ነው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያንዳንዱን ቃል እያኘከ ነበር ያነበበው። «ማየት የተሳናቸው ተገልጋዮች ያለ ዓይናማ አጃቢ ወደ ስፖርት አዳራሹ መግባት አይፈቀድላቸውም። አጃቢው በተጫዋቾች ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በተገልጋዩ ላይ ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊነቱን ይወስዳል።»

ምን ጉዳት ደርሶ ነው ብለን ጠየቅን። ደረጃው ላይ ሰው ወድቆ እግሩ ተሰብሯል አለን። የወደቀው የራሱ ጸሐፊ ነው። ሁለት ጤነኛ ዓይን አለው፤ ስልኩን እያየ ሲወርድ ነው የተንከባለለው። እኛ ያንን ደረጃ ለሁለት ዓመት በየቅዳሜው ስንወጣና ስንወርድ አንድ ሰው አልተደናቀፈም። አሥራ አራት መሆኑን፣ የሰባተኛው ጫፍ መሸረፉን ሁሉ እናውቃለን። ይህንን ስነግረው «እህቴ፣ ለእናንተው ደኅንነት ብለን እኮ ነው» አለኝ። ለእናንተው ደኅንነት የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ የሚዘጋ በር ነው።

እኔ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። የምሠራው ውሃ ቢሮ ነው፤ ቧንቧው የደረቀበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። የምቀመጥበት ክፍል መስኮት የለውም። ቢሮ ሲከፋፈል «መስኮት ለእሷ ምን ያደርግላታል» ተብሎ ነው የተሰጠኝ። በመስኮት አየር እንደሚገባ ያሰበ ሰው አልነበረም። እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የሰው ስሞታ ስሰማ እውላለሁ።

ዓይኔ የጠፋው በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ስፖርተኛ ነበርኩ ብል ዋሸሁ፤ ግን የሚያመልጠኝን አውቶብስ ሮጬ የምይዝ፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምዘል ሰው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ዓመት አንድ እርምጃ አልሮጥኩም። የት ይሮጣል? መንገዱ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ነው፤ የእግረኛው መሄጃ ላይ መኪና ይቆምበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ አለች።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼ እገላገል ነበር። ዓይኔ ሲጠፋ ዓይን ሆነችኝ፤ ይሁን። ችግሩ እዚያ አላቆመችም፤ እጅም ሆነች፣ እግርም ሆነች፣ አፍም ሆነች። ሻይ ልቀዳ ብነሳ ፔርሙሱ ከእጄ ይወሰዳል። ሐኪም ቤት ሐኪሙ ግፊቴን ለክቶ «እንቅስቃሴ ማድረግ አለብሽ» ሲለኝ፣ ከአፌ ነጥቃ «እሺ ዶክተር፣ አደርግላታለሁ» ያለችው እሷ ናት። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጎልቦል የሚባለውን የዓይነ ስውራን ጨዋታ ያመጣልኝ ጉልቤ ነው። ጉልቤ የምንለው በጣም ቀጭን ስለሆነ ነው፤ እሱም እንደ እኔ አያይም፣ በማሳጅ ሥራ ይተዳደራል። ወንበር ላይ የደረቀ አንገቴን ሊያሽልኝ ሞክሮ ሲያቅተው «አንቺን የሚያድንሽ እጅ ሳይሆን ወለል ነው» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ይዞኝ ገባ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሦስት ሰው በዚህ ጫፍ፣ ሦስት ሰው በዚያ ጫፍ ይቆማል። ጎሉ የሜዳውን ስፋት ያህል ነው፤ ዘጠኝ ሜትር። ኳሱ ከባድ ነው፣ ውስጡ ቃጭል አለው። አንዱ ቡድን በእጁ መሬት ለመሬት ይወረውረዋል፤ ሌላው ቡድን የቃጭሉን ድምፅ ሰምቶ፣ በጎኑ ተዘርግቶ፣ በገላው ያግደዋል። ትንሽ ብርሃን የሚያይ ሰው ካለ ከሌላው እንዳይበልጥ ሁላችንም ዓይናችንን እንሸፍናለን። መስመሩ በፕላስተር ሥር የተዘረጋ ሲባጎ ነው፤ በእጅና በእግር እየዳበስን እንቆምበታለን።

በመጀመሪያው ቀን ጉልቤ «በጎንሽ ውደቂ» ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳልወድቅ ስጠበቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወደቅኩ። ምንም አልሆንኩም። ደግሜ ወደቅኩ። ከዚያ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረና «ወደ እኔ ሩጪ፣ መሀል ላይ ምንም ነገር የለም» አለኝ። ሮጥኩ። ግድግዳው ጋ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እስቅ ነበር፤ ምን እንደሚያስቀኝ እኔም አላውቅም።

በስድስት ወር ውስጥ ግፊቴ ወረደ። አንገቴ ተፍታታ። ቢሮ ኮሪደር ላይ እጄን ዘርግቼ መሄድ ተውኩ። መስኮት ያለው ክፍል ይሰጠኝ ብዬ ማመልከቻ ያስገባሁትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ተብያለሁ። እናቴ ግን ያየችው የክርኔን መላላጥ ብቻ ነው። «ዓይንሽ የሄደው አልበቃ ብሎሽ ጥርስሽን ልታስከትዪው ነው?» ትለኛለች። ጨዋታውን መጥታ እንድታይ ስለምናት «ልጄ ስትመታ የምታይ እናት የለችም» ብላ እምቢ አለች።

ጨዋታው አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ጸጥታ። ዓይናማ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አንድ በጎ አድራጊ ሠላሳ ሰው አሰልፎ ሊያበረታታን መጣ። ከልባቸው አጨበጨቡ። ኳሱ የት እንዳለ ሳናውቅ እንደ ግንድ ተገትረን ቀረን፤ እነሱ ግን እንዲያውም ባሰባቸው። ሲወጡ «ብርታታችሁ አስለቀሰን» አሉን። እኛንም ሊያስለቅሱን ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ጊዜ ነበረን፤ አንዱ ሰዓት የእኛ ቡድን፣ ሌላው የእነ ሬዲዮ። ሬዲዮ አፉ ስለማያርፍ ነው ሬዲዮ የተባለው፤ የወዲያኛው ቡድን አለቃ ነው፣ ጓደኛዬም ነው። ዘንድሮ ኃላፊው አንዱን ሰዓት ለዳንስ ክፍል ሰጠው። የቀረውን አንድ ሰዓት «ተጋጠሙና ያሸነፈ ይውሰደው» አለን። በፈረቃ እንጠቀም ብለን ለመንን። መዝገቡ ላይ ለአንድ ሰዓት አንድ ቡድን ነው የሚጻፈው አለ። በከተማው ውስጥ እኛን የሚያስገባ ሌላ አዳራሽ እንደሌለ እሱም ያውቃል፤ ሁለት ዓመት ፈልገን አጥተናል። እርስ በርስ ልንባላ ቀን ተቆረጠልን።

የእኔ አጃቢ ታናሽ እህቴ ነበረች። ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትልና በጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ የራሷን ዓለም ትኖራለች። የጨዋታው ዕለት ግን ለሥራ ፈተና ተጠራች። አርብ ማታ እናቴ «እኔ እሄዳለሁ» አለች። ጠዋት በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። ኳስ ስንወረውር ከእኛ ወገን ድምፅ ከተሰማ ቅጣት ነው፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፅ የእኛ ድምፅ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስነግራት «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣች።

ዳኛው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። «ጸጥታ» አሉና ፊሽካ ነፉ።

እናቴን ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ እሰማት ነበር። አልተናገረችም፣ ቃሏን ጠብቃለች፤ ግን ኳሱ ወደ እኔ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ይሰማኛል። ኳሱን ልስማ ብዬ ጆሮዬን ስሰጥ የማገኘው እሷን ነው። አንዱ በዚህ ምክንያት ከክንዴ ሥር አመለጠኝ። ያም ሆኖ ጉልቤ ሁለት፣ እኔ አንድ አግብተን፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሦስት ለሦስት ነበርን። በግራዬ ያለው ሦስተኛው ጓደኛችን፣ ታሪክ የሚያስተምረው መምህሩ፣ ወለሉን መታ መታ አድርጎ ኳሱን ወደ እኔ አንከባለለልኝ። የእኔ ተራ ነበር።

ሁለት እርምጃ ወስጄ ኳሱን ስለቅ ላብ ያረጠበው ወለል ላይ እግሬ ተንሸራተተ። በጉልበቴ ወደቅኩ። ሕመም የለውም፤ በቀን ሃያ ጊዜ እወድቃለሁ።

«ልጄን!»

አዳራሹ በሙሉ አስተጋባው። ፊሽካ ተነፋ። የእኛ ወንበር ኳስ ሲለቀቅ ድምፅ አሰምቷልና ቅጣት ነው። በቅጣት ጊዜ ኳሱን የወረወረው ሰው ዘጠኙን ሜትር ብቻውን ይጠብቃል፤ ጓደኞቹ ይወጡለታል። የወረወርኩት እኔ ነኝ።

በዚህ አላበቃም። ዳኛው እናቴ ከወንበሩ ተነስታ እንድትወጣ አዘዙ። በሩ ላይ የቆመው ኃላፊ ወዲያው «አጃቢዋ ከወጣች እሷም ትወጣለች» አለ። ዳኛው ጮኻለች አሉ። ኃላፊው መመሪያ ነው አለ። እኔ ከወጣሁ ተቀያሪ የለንምና ቡድኑ ይሸነፋል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። መምህሩ በጣም በትሕትና፣ አንዱ ደንብ እንድትቀመጥ ሌላው እንድትወጣ ካዘዘ ሴትዮዋ ግማሽ አካሏን በር ላይ ታድርግ ወይ ብሎ ጠየቀ። አልሳቁም። በመጨረሻ ዳኛው ተነፈሱና፣ ዳግመኛ ድምፅ ካልተሰማ ትቀመጥ፣ ከተሰማ ግን ጨዋታው ያበቃል አሉ። አንድ ደቂቃ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ።

ወንበሩን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። እጄን ልትይዘኝ ስትል አራቅኩት። ቆሽቴ አርሮ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ብዬሽ ነበር?»

«ስትወድቂ አየሁሽ። ከአፌ አመለጠኝ።»

«እዚህ እኮ የመጣሁት ልወድቅ ነው።»

«ያ ኳስ ድንጋይ ነው ልጄ። ወደ ፊትሽ ሲመጣ አያለሁ። አንቺ አታዪውም። እንዴት ብዬ ዝም ልበል?»

«አየዋለሁ። በጆሮዬ አየዋለሁ። አንቺ ስትጮሂ ነው የሚጠፋብኝ። ዓይኔን ያጠፋው በሽታ ነው፤ ጆሮዬን ግን አንቺ ነሽ የምታጠፊብኝ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ካልኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

«ሂጂ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አልጮህም።»

ጎሉ መሀል ገብቼ ሲባጎውን በእጄ ፈልጌ ቆምኩ። ብቻዬን። ጉልቤ በቀኜ፣ መምህሩ በግራዬ ሲተነፍሱ ስለምሰማ ሜዳው ጠባብ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግራና ቀኙ ጭር አለብኝ። ሬዲዮ ነው የሚወረውረው። አለወትሮው ዝም ብሏል። ዳኛው ጸጥታ አሉ።

የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። የሬዲዮን ጫማ ሰማሁ። እናቴን ፈለግኳት፤ ትንፋሿ እንኳ የለም። ከተወለድኩ ጀምሮ እሷ ባለችበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፤ ከዚያ ኳሱ መሬት ነካ። ሬዲዮ ኳሱን ሲያሽከረክረው ቃጭሉ ውስጡ ይጣበቅና ድምፁ ይቀንሳል፤ ይህን ተንኮሉን አውቀዋለሁ። አንዴ ሰማሁት። ሁለተኛውን አልሰማሁትም። መወሰን ነበረብኝ፤ ቀኝ ነው ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደቅኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ እግሬን ዘረጋሁ፣ ጣቴን ሳይቀር ዘረጋሁ።

ኳሱ በግራዬ አልፎ ከኋላዬ ግድግዳውን መታ።

በቀረው ጊዜ ጉልቤ ሁለት ኳስ ወረወረ፤ ሁለቱንም አገዱበት። አራት ለሦስት ተሸነፍን።

ሬዲዮ ግድግዳውን ይዞ እስከ እኔ መጣ። አልጨፈረም። «በይ ተነሺ፣ አብረን እንሂድና እናናግረው፤ ስድስታችንም በአንድ ሰዓት እንሥራ፣ እኛ ፈቅደናል» አለኝ። ስድስታችን ተያይዘን ኃላፊው ቢሮ ገባን። ስድስት ተጫዋች ስድስት አጃቢ ይፈልጋል፣ አሥራ ሁለት ሰው ደግሞ ለዚህ ሰዓት ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ነው፣ የዛሬው ለግጥሚያው ብቻ የተፈቀደ ነው አለ። አጃቢዎቹ ይቅሩ አልነው። መመሪያውን ከመጀመሪያው አንስቶ እንደገና ሊያነብልን ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁ። ቃሌን ዋጥኩና ወጣሁ፤ ብቆይ ኖሮ የምናገረው ጉልቤንና ሬዲዮንም ያስጠይቃቸው ነበር።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ክንዴን ይዛኛለች፤ እኔ እንደተቆጣሁ ነኝ። በማን እንደተቆጣሁ ለመለየት ሞከርኩ፤ ዝርዝሩ ረዘመብኝ። በኃላፊው፣ በዳኛው፣ በዳንሰኞቹ፣ በዚያ ስልኩን እያየ በወደቀው ጸሐፊ፣ በእናቴ፣ በራሴ። የአውቶብሱን ፌርማታ ካለፍን በኋላ እናቴ ቆመች።

«በግራሽ ነበር የመጣው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ከእጁ ሲወጣ ጀምሮ አየሁት። አንቺ ወደ ቀኝ ስታዘነብዪ ደግሞ አየሁሽ። ግራ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር።» ቦርሳዋን ስትከፍት ሰማሁ። «መሐረቤን ነከስኩት።»

መሐረቡን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጫፉ ርጥብ ነበር።

«ብጮህልሽ ይሻልሽ ነበር?»

ብትጮህልኝ ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር፤ ይህን ታውቃለች። የምትጠይቀኝ ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ። እሷ እያየች፣ አንድ ቃል ስትናገር ልታድነኝ እንደምትችል እያወቀች፣ ዝም ብላ እንድስት ተወችኝ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ማንም ሊያድነኝ ሳይገባ በራሴ ስሕተት የሠራሁት ዛሬ ገና ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ይህን ለማግኘት አዳራሹን ማጣት አልነበረብኝም።

«አይሻለኝም» አልኳት። «የሳትኩት እኔ ነኝ። ሬዲዮ ያንን አወራወር እንደሚያውቅበት እያወቅኩ ቸኮልኩ። በሚቀጥለው አልቸኩልም።»

አፍንጫዋን ጠረገችና ክንዴን ለቀቀችው። ከዚያ ዱላዬን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ ዕቃ ሊገዛ እንደተላከ ሰው በቁም ነገር ጠየቀችኝ።

«እና በሚቀጥለው ቅዳሜ የት ነው የምንሄደው?»

ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ ይህንን እንድትጠይቀኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የጠየቀችኝ የምነግራት ቦታ ባጣሁበት ቀን ነው። አላውቅም አልኳት። መልሱን ያልሰማች ይመስል ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደግሜ አላውቅም አልኳት።